የእግር መንገድን ለልጆቻችን እንመልስላቸው
ከኩታበር ደጋ እስከ ሐይቅ ዳርቻ፦ ለቤተሰብ የሚሆኑ ሁለት የቅዳሜ ሽርሽሮች

አርብ ማታ ነበር። እራት በልተን እንደጨረስን ለልጆቼ «ነገ በእግር እንሄዳለን» አልኳቸው። የአራት ዓመቱ ልጄ ሸራ ጫማውን ሊያመጣ ሮጠ። የዘጠኝ ዓመቷ እህቱ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ዓይን ዓይኔን እያየች «ለምን? ማን መጣ?» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አምስት ዓመቷ ነበር። በዚያ ሰሞን እንደ ብዙ የደሴ ቤተሰብ እኛም ቤታችንን ቆልፈን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ መኪና አላገኘንም። ያን ሁሉ ቁልቁለት ግማሹን በአባቷ ትከሻ፣ ግማሹን በራሷ እግር ወረደችው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በሰርቪስ፣ ገበያ በባጃጅ፣ ዘመድ ጥየቃም በታክሲ ሆነ። ለካ በልጄ ልብ ውስጥ ረጅም የእግር መንገድ ማለት ሽሽት ሆኖ ቀርቷል።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህን የማጫውታችሁ ላሳዝናችሁ ብዬ አይደለም። የዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ ሽርሽር ነው። ልጆችን ይዞ ተራራ ስለ መውጣት፣ ውሃ ዳር ስለ መዋል። ሆኖም ሽርሽር ትርፍ ጊዜና ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያስተማረችኝ ያቺ የልጄ ጥያቄ ናት። ልጆቻችን የተወለዱበትን አገር በመኪና መስኮት ብቻ እያዩት ካደጉ፣ ወይም በክፉ ቀን ብቻ ከረገጡት፣ አገሩ የእነሱ ሳይሆን ይቀራል። መልሶ የእነሱ የሚሆነው በደህና ቀን፣ ቀስ ብለው፣ እጃቸውን ይዘን ስናስረግጣቸው ነው።

መጀመሪያ ወደ ደጋው

የመረጥነው ኩታበርን ነው። ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። በመንገዳችሁ ቦሩ ሜዳን ታልፋላችሁ። ታሪክ የሚማር ልጅ ካላችሁ እዚያ ላይ ወሬ አይጠፋም፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። የስሙንም ነገር አንሱላቸው። በተራራ አገር «በር» የሚባለው የቤት መዝጊያ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ከፍታ መሃል ሰውና ከብት የሚተላለፍበት ማለፊያም በር ነው። ጣርማ በር እንደሚባለው ሁሉ ኩታበርም የዚህ ዘር ስም ናት። ልጄ ይህን ስትሰማ «ታዲያ መዝጊያው የት አለ?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረኝም፤ ግን መንገዱን ሙሉ ስትፈልግ ዋለች።

ደሴ ራሷ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,900 ሜትር በታች ትወርዳለች። 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያላችሁ ወላጆች፣ ጠዋት ልጃችሁን በስስ ከናቴራ አስወጥታችሁ ኩታበር ስትደርሱ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። ሹራብ፣ ንፋስ የማያሳልፍ ጃኬትና ቆብ ያዙ። ብርዱም ትምህርት ይሁናችሁ፤ ልጁ በየትኛው መታጠፊያ ላይ ሹራቡን እንደለበሰ ያስታውስ። ደጋና ወይና ደጋ የሚባለውን በመጽሐፍ ከመማሩ በፊት በቆዳው ይማረዋል።

ከመኪና ወርደን በገብስ ማሳዎች መሃል ባለች ቀጭን መንገድ ገባን። ኅዳር ማብቂያ ስለነበር የታጨደው ነዶ ተከምሯል። ትንሹ ልጄ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ቆመ፤ ጉንዳን አይቶ ነው። ቀጥሎ ድንጋይ አነሳ። ቀጥሎ የፍየል በጠጥ አነሳ። እኔ ከተራራው ጫፍ ደርሼ ፎቶ ለማንሳት ቸኩያለሁ፤ እሱ ግን ደርሷል። ልጅን ይዛችሁ ስትወጡ መጀመሪያ ቤት ጥላችሁት የምትሄዱት ነገር «እንድረስ» የሚለውን ሐሳብ ነው። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ በየመሃሉ ያረፈ የአንድ ሰዓት መንገድ ይበቃዋል። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ መልሱ ነው፤ ቁልቁል የወረደ ልጅ ዳገቱን መውጣት ስለማይወድ፣ ዳገቱን በጠዋት፣ ቁልቁለቱን በመመለሻ አድርጉት።

አገር ስጪኝ

ዳገቱ ሲበረታና ማልቀስ ሲጀመር የሚያድን ነገር አያቶቻችን ትተውልናል፤ እንቆቅልህ። «ምን አውቅልህ» ይላል ልጁ። መልሱ ሲጠፋበት አገር ይሰጣል። እኛ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አሜሪካና ዱባይ ነበር። በዚያ ቀን አንድ ደንብ አወጣን፦ መስጠት የሚቻለው በዓይን የሚታየውን አገር ብቻ ነው። ልጆቹ ለመስጠት ሲሉ ስም መጠየቅ ጀመሩ። ያ ተራራ ማን ይባላል? ያ መንደርስ? እኔም የማላውቀውን መንገደኛ ጠየቅሁ። ደሴን ከራስጌዋ የሚጠብቀውን ጦሳን ልጄ በስሙ የጠራችው የዚያን ቀን ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከሥሩ ኖራለች።

ሌላም ጨዋታ ልጠቁማችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ለልጆቹ አምስት ነገር እንዲፈልጉ ንገሯቸው፦ አንድ የሚሸት፣ አንድ የሚወጋ፣ አንድ የሚበላ፣ አንድ የሚያሳክክ፣ አንድ የሚጮህ። የሚሸተው ጦስኝ ይሆናል። የሚወጋው ቀጋ ነው። የሚያሳክከውን ሳማ በዓይን ብቻ ያሳዩት፤ አለዚያ ጨዋታው በለቅሶ ያልቃል። የሚጮኸው ከማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ ነው። መንቁሩ ወፍራም፣ ድምፁ ጎርናና፤ መኖሪያውም የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ነው። የሚበላውን ግን ከአገሬው ሰው ሳይጠይቁ ልጆች እንዳይቀምሱ ጥብቅ ደንብ አድርጉት።

ይህን ደንብ ያጠናከረችልን አንዲት እናት ናቸው። ከደጃቸው ተቀምጠው ስፌት ይሰፋሉ። ሰላም ስንላቸው «አብሽሩ! ከየት ናችሁ ልጆቼ?» አሉን፤ ወዲያውም ቆሎ ወጣ። ልጄ ከአጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን የፍሬ ዘለላ ልትቀነጥስ እጇን ስትዘረጋ፣ «ተይ የኔ እናት፣ ይህ አይበላም። ይህ እንዶድ ነው፤ እኛ ጋቢና ነጠላ ያጠብንበት ሳሙናችን» አሏት። ጥቂት ፍሬ በድንጋይ ወቅጠው በውሃ አሹት። አረፋው ሲወጣ ሁለቱም ልጆች አፋቸውን ከፈቱ። እኔም አብሬ ከፈትኩ፤ እንዶድን በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም ነበር። ይህን እንዶድ አስታውሱልኝ፤ ወደ ታች ሐይቅ ዳር ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ለደጋው ጉዞ የሚያስፈልጋችሁ

ወቅቱን ምረጡ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራ፣ ምድሩም አረንጓዴ ወይም ወርቃማ ነው። ወሎ የበልግ አገር ስለሆነ ከየካቲት ጀምሮ ድንገተኛ ዝናብ አይጠፋም፤ በዚያ ጊዜ የዝናብ ልብስ ያዙ። መብረቅ ሲያጉረመርም ከተራራ ጫፍና ከብቸኛ ዛፍ ሥር ራቁ።

ብርዱ አያታላችሁ፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰፊ ቆብ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለልጅ ቅንጦት አይደለም።

ውሃ ከቤት ያዙ። ለምግብ አምባሻ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ይበቃል። ትንሽ ፌስታል ለቆሻሻችሁ ለዩ፤ የብስኩት ልጣጭ በሰው ማሳ ላይ አይጣልም። በማሳ መሃል አትለፉ፣ በድንበሩ ዙሩ። ልጆቻችሁ ላገኙት ሁሉ ሰላምታ ይስጡ፤ ሰላም ያለ እንግዳ ውሻ እንኳ ሲጮህበት የሚከላከልለት አያጣም። የገበሬ ልጆችን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ በዚያው በምትሄዱበት ቀን ጠዋት የመንገዱን ደህንነት ከአካባቢው ሰውና ከሹፌሮች አጣሩ። ዛሬ አይመችም ከተባላችሁ ቅሩ። ተራራው ነገም እዚያው ነው።

ቀጥሎ ወደ ውሃው

«ባሕር ዳርቻ» ሲባል ልጆቻችን የሚያስቡት በካርቱን የሚያዩትን አሸዋና ዘንባባ ነው። አገራችን የባሕር በር የላት፤ ሐይቅ ግን አልነፈጋትም። ለደሴ ልጅ ደግሞ ሐይቅ ማለት ራሱ ሐይቅ ነው፤ ከከተማዋ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በወልዲያ መንገድ የሚገኘው። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከበላዩ ታናሽ ወንድሙ አርዲቦ አለ፤ ውሃውም ወደ ሐይቅ ይወርዳል።

ከኩታበር በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሄድን። ልጄ ይህን ጊዜ ማን እንደመጣ አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ዓሣ ይኖር እንደሆነ ነው። አለ። ከዳር ተቀምጣችሁ ትኩስ ቆሮሶ ጥብስ በአዋዜ መብላት ይቻላል፤ አጥንቱን ለትንንሾቹ እናንተ ልቀሙላቸው።

እስኪጠበስ ድረስ የሐይቁን አፈ ታሪክ አጫውቷቸው። እንዲህ ይባላል፦ በጥንት ጊዜ አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴትን በደለች። ፈጣሪ ተቆጣና በዙሪያው ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች። ያቺ የተበደለች ሴት የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ሆና ቀረች። ዛሬ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ምድር እርሷ ናት ይባላል። ቀድሞ ደሴት ነበረች፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዛለች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ በዚያ ገዳም ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። አንድ ነገር ቀድማችሁ ለሴት ልጆቻችሁ ንገሩ፤ በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። እኛ ሳንናገር በመቅረታችን ልጄ በር ላይ ስትደርስ አኩርፋ ነበር። አባትና ወንድም ሲገቡ እናትና ልጅ በውሃው ዳር ወፍ እየቆጠራችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ።

ድምፅ የሌለው አደጋ

አሁን የምነግራችሁን ሳልጽፈው ብቀር ደስ ባለኝ። ከምግብ በኋላ ሴት ልጄ በታንኳ አጠገብ ቆማ ፎቶ እንዳነሳት ጠየቀችኝ። ፀሐዩ ከፊቷ ስለነበር ቦታ አስቀየርኳት፤ ደግሜ አነሳሁ፤ ፎቶውን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ትንሹ ልጄ ከኋላዬ ጠጠር እየወረወረ ነበር። ቀና ስል ከብት ያጠጣ የነበረ አንድ ልጅ ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ የኔን ልጅ በብብቱ ይዞ ቆሟል። ልጄ የገባው ጫማው ተንሸራቶበት ነው። አልጮኸም። ውሃውም አልተንቦጫረቀም። እኔ ከአሥር እርምጃ ያነሰ ርቀት ላይ ሆኜ ምንም አልሰማሁም።

እረኛውን አመስግኜ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው እጄ ሲንቀጠቀጥ ቆየሁ። በኋላ ሳነብ የተረዳሁት ይህን ነው፦ የሚሰጥም ሕፃን እንደ ፊልም እጁን እያወዛወዘ «አድኑኝ» አይልም። አፉ ውሃ ውስጥ ነው፤ ትንፋሽ የለውም። በዝምታ ነው የሚሄደው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች በመስጠም ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የሐይቅ ጥልቀት ደግሞ በመሃሉ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ሃያ ፎቅ ሕንፃ ቢቆምበት አናቱ አይታይም።

ስለዚህ የእኛ ቤት ደንብ ዛሬ ይህ ነው፤ እናንተም ውሰዱት፦

• ውሃ ዳር አንድ አዋቂ ተራ ይያዝ። ተረኛው ስልክ አይነካም፣ አያወራም፣ ዓሣ አይበላም። ከልጁ አንድ ክንድ በላይ አይርቅም። ተራውን ሲለቅ «ያንተ ነው» ብሎ በአፍ ያስረክባል። ሁሉም የሚጠብቀው ልጅ ማንም የማይጠብቀው ልጅ ነው።

• ታንኳ ወይም ጀልባ ላይ በልጁ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። «ቅርብ ነው» የሚለው ምክንያት አይሆንም።

• ሰው ሲሰጥም ብታዩ ዋና ሳትችሉ ዘላችሁ አትግቡ። ረጅም እንጨት፣ ገመድ፣ ካልሆነም ጋቢያችሁን ጫፉን ይዛችሁ ወርውሩለት። ለብርድ የያዛችሁት ጋቢ ነፍስ ሊያድን ይችላል።

• የወጣውን ልጅ ውሃው እንዲወርድለት ብላችሁ በእግሩ አትዘቅዝቁት፤ ጊዜ ከማባከን በቀር አይጠቅምም። የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያው የአፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡትና ደረቱን መጫን ጀምሩ፤ አንድ ሰው ደግሞ መኪና ይጥራ። ቢነቃም እንኳ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

እንዶዱን ታስታውሳላችሁ?

«እግራቸውንስ ውሃ ውስጥ ይንከሩ?» ትሉ ይሆናል። ስለ ቢልሃርዚያ ሳታስቡ አይሁን። በሽታው በወሎም ሆነ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች፣ ረጋ ባለና ሣር በበዛበት ጣፋጭ ውሃ ዳር ይገኛል። ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያደገው ጥገኛ ትል ወደ ውሃው ይወጣና የሰውን ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በስቶ ይገባል። ልጁ ሲገባ ምንም አይሰማውም። ምልክቱ ከቆየ በኋላ በሆድ ቁርጠት፣ በተቅማጥ፣ አንዳንዴም ደም በቀላቀለ ሰገራ ይታያል። መልካሙ ነገር መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ልጃችሁ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ከተጫወተ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐኪም አማክራችሁ የሰገራ ምርመራ አስደርጉለት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሣር ካለበት ዳርቻ መራቅ፣ ጨዋታውንም በደረቁ ላይ ማድረግ ነው። ጠጠር ማንጠር፣ የወፍ ዱካ መፈለግ፣ ከጭቃ ቤት መሥራት ይቻላል።

ለትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ይህን ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አዩ። ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ ውስጥ የቀንድ አውጣዎች ሬሳ በዝቶ አገኙ። ከዚያ በላይ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። እንዲህ ሆኖ ነው የእናቶቻችን ሳሙና ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ለዚህ ሥራ ተቀብለዋል።

ይህን ስነግራት ልጄ ዝም ብላ ቆየችና «የኩታበሯ እማማ ያውቃሉ?» አለችኝ። ሄደን እንነግራቸዋለን ተባባልን።

ደሴ ለማትኖሩ

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ጥዱ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን ቅርባችሁ ነው። እንጦጦም ከራስጌያችሁ ነው። ውሃ ለሚወድ ልጅ ወንጪ፣ ላንጋኖና ሐዋሳ አሉ። የትም ሂዱ፣ ደንቡ ያው ነው፦ ቀስ ይባል፣ ስም ይጠየቅ፣ ውሃ ዳር ተረኛ ይኑር። ብዙ ገንዘብም አያስፈልግም። የእኛ የኩታበር ቀን የትራንስፖርትና የአምባሻ ወጪ እንጂ ሌላ አልጠየቀንም።

ከሐይቅ ስንመለስ መሽቶ ነበር። ትንሹ ጭኔ ላይ ተኝቷል። ሴት ልጄ በጨለማው ውስጥ «እንቆቅልሽ» አለችኝ። «ምን አውቅልሽ» አልኳት። ጠየቀችኝ፤ አላወቅሁትም። «አገር ስጪኝ» አለች። ደክሞኝ ስለነበር አፌ ላይ የመጣልኝን «አዲስ አበባን ሰጠሁሽ» አልኳት።

«አልፈልግም» አለች። «ኩታበርን ስጪኝ። እሷን በእግሬ አውቃታለሁ።»

ሰጠኋት። እናንተም በሚመጣው ቅዳሜ ለልጆቻችሁ አንድ አገር ስጧቸው። መልካም ጉዞ!